በመስቀል ጦርነት ዘመን ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ሙስሊም ሁሉ በሌላ ወገን ነበር እንዴ?

ቢኒ_ጉለሌ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ስለ መስቀል ጦርነት የሚያወራ ቪዲዮ በየቦታው እየተዘዋወረ ነው። ሰውየው እንደሚለው፣ ለ200 ዓመት ያህል ክርስቲያን የተባለ ሁሉ ተሰብስቦ ሙስሊሙን ወጋ፣ ሙስሊሙም አንድ ሆኖ መልሶ ወጋ፣ ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ከሥሩ ያለውን ኮሜንት አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም። ስድብ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ተሳዳቢዎቹ የእኛው ልጆች መሆናቸው ነው። የ900 ዓመት የሰው አገር ጦርነት አምጥተው የጎረቤታቸውን ልጅ ይሰድቡበታል።

ትንሽ ትንሽ አንብቤያለሁ፣ ግን ያልገባኝ ነገር አለ። የመጀመሪያው ዘመቻ እንዴት ሊሳካ ቻለ? ከፈረንሳይ ተነስቶ ሶርያ ድረስ የመጣ፣ የተራበ፣ ፈረሱ ያለቀበት ሠራዊት ያንን ሁሉ ከተማ አልፎ ኢየሩሳሌም ገባ ሲባል አይዋጥልኝም። የምሥራቅ ክርስቲያኖቹስ የት ነበሩ? ሶርያውያኑ፣ አርመኖቹ፣ ግብጾቹ፣ ግሪኮቹ? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝና በተለይ ይሄ ያሳስበኛል። ዘመቻው የተጠራው እነሱን ለመርዳት ነው ይባላል። እውነት ተረዱ? የምታውቁ ንገሩኝ። ለመሳደብ የምትመጡ ግን እባካችሁ እለፉኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብንጽፍ ይሻላል፣ እንዳንደናገር።

መምህር_ደሴ፦

ቢኒ ወንድሜ፣ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ይሄንኑ ይጠይቁኛል። ከድሉ ልጀምር።

ከዘመቻው በፊት የነበሩትን ዓመታት ካላየህ ነገሩ ተአምር ነው የሚመስልህ። ሰልጁቅ ቱርኮች በ1071 ማንዚከርት ላይ የቢዛንታይንን ጦር ሰብረው ንጉሠ ነገሥቱን ማረኩ። ከዚያ በኋላ ትንሿ እስያ አብዛኛዋ ከቁስጥንጥንያ እጅ ወጣች። የሰልጁቆቹ ግዛት ግን በ1092 ራሱ ተሰነጠቀ። በዚያ ዓመት አገሩን ቀጥ አድርጎ ይዞት የነበረው ሚኒስትር ኒዛም አል-ሙልክ ተገደለ፣ ብዙም ሳይቆይ ሱልጣን መሊክ ሻህ ሞተ፣ ዘመዳሞቹም በሥልጣን ተናከሱ። ሶርያ ለሁለት ወንድማማቾች ደረሰች። ሪድዋን አሌፖን፣ ዱቃቅ ደማስቆን ያዙ፣ እርስ በርሳቸውም ይዋጉ ጀመር። ፖፕ ኡርባን 2ኛ በኅዳር 1095 ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ላይ ሕዝቡን ለዘመቻ ሲጠሩ ሶርያ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበረች። እርዳታ የጠየቀው የቢዛንታይኑ ንጉሥ አሌክሲዮስ የፈለገው በሱ ሥር የሚያድሩ ቅጥር ወታደሮች ነበር። የመጣለት ግን የራሱ መሳፍንት ያሉት፣ የራሱ ዓላማ ያለው ትልቅ ሠራዊት ነው።

የሁለቱን ወንድማማቾች ጠብ አንጾኪያ ላይ ታየዋለህ። ከተማዋ ከጥቅምት 1097 እስከ ሰኔ 1098 ተከባ ነበር። ከበባው ላይ ያለው ጦር በረሃብ እያለቀ ሳለ በታኅሣሥ ዱቃቅ ከደማስቆ መጣ፣ ተመታና ተመለሰ። በየካቲት ሪድዋን ከአሌፖ መጣ፣ እሱም ተመታ። አብረው ቢመጡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ከመስቀል ጦረኞቹ መሪዎች አንዱ ቦሄሞንድ ከውስጥ አንድ የግንብ ጠባቂ አግኝቶ በሌሊት አስገባቸው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ደግሞ የሞሱሉ ገዥ ከርቦጋ ትልቅ ጦር ይዞ ደረሰና ከባቢዎቹ ራሳቸው ተከበቡ። ሰኔ 28 ቀን ወጥተው ገጠሙት፣ ጦሩም ተበተነ። ምክንያቱ የፈረንጆቹ ጀግንነት ብቻ አይደለም። አብረውት የመጡት አሚሮች ከርቦጋ አሸንፎ በላያቸው እንዳይገን ፈርተው ጥለውት ሄደዋል።

አሁን ኢየሩሳሌምን ተመልከት። ፈረንጆቹ ገና አንጾኪያ ላይ ሳሉ የግብፅ ፋጢማውያን ኢየሩሳሌምን ከቱርኮቹ ቀሙ፣ በ1098። ፋጢማውያኑ ሺዓ ናቸው፣ ሰልጁቆቹ ሱኒ። እንዲያውም የግብፅ መልእክተኞች አንጾኪያ ድረስ መጥተው ከመስቀል ጦረኞቹ ጋር ተነጋግረዋል፣ ቱርክን የሚያደክምላቸው ኃይል የመጣ መስሏቸው። ስለዚህ ሐምሌ 15 ቀን 1099 ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከውስጥ የነበረው የግብፅ ጦር ነው እንጂ ዘመቻው የተጠራበት ቱርክ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ግንቡን መውጣት አቅቷቸው ነበር፣ እንጨት የለም። የጄኖቫ መርከቦች ጃፋ ወደብ ሲደርሱ ነው በእንጨቱና በአናጢዎቹ ግንብ መስበሪያ ማማ የሠሩት።

ሀያት_ሳሪስ፦

መምህር፣ አላህ ይስጥልን፣ በደንብ አስረድተዋል። ግን ኢየሩሳሌም ወደቀች ብለን ብቻ እንዳናልፍ። ከተማዋ ውስጥ የተገኘው ሙስሊምና አይሁድ ታረደ። ይሄን የጻፉት የመስቀል ጦረኞቹ የራሳቸው ጸሐፊዎች ናቸው፣ እያሞገሱ ነው የጻፉት። ከዚያ በፊት በ1098 መጨረሻ ማዓራ የምትባል የሶርያ ከተማ ውስጥ ተርበው የሬሳ ሥጋ እንደበሉም ራሳቸው ጽፈዋል። የደማስቆው ቃዲ አል-ሐረዊ ከተረፉት ስደተኞች ጋር ባግዳድ ድረስ ሄዶ ከሊፋው ፊት ጮኸ። ሰው አለቀሰ፣ ጦር ግን አልመጣም። የሱ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል።

አሁን ወደ ቢኒ ጥያቄ። ወገኑ ተለይቶ ነበር ወይ? አልነበረም። ኢየሩሳሌም ከወደቀች ገና 10 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1108፣ የአንጾኪያው ታንክሬድ ከአሌፖው ሪድዋን ፈረሰኞች ጋር ሆኖ በአንድ ወገን፣ የኤዴሳው ባልድዊን ደግሞ የሞሱል ገዥ ከነበረው ጃዋሊ ጋር ሆኖ በሌላ ወገን ተዋግተዋል። በሁለቱም ጎራ ክርስቲያንና ሙስሊም አለ። ይሄ ብቻውን የቪዲዮውን ወሬ ያፈርሰዋል።

የደማስቆው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ዘንጊ የሚባለው የሞሱልና የአሌፖ ገዥ ደማስቆን ሊውጥ ሲነሳ የደማስቆው ገዥ ሙዒን አድ-ዲን ኡኑር ከኢየሩሳሌም መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በ1140 አብረው ዘንጊን አስመለሱት። ለዓመታት የቆየ ወዳጅነት ነው። ከዚያ ዘንጊ በ1144 ኤዴሳን ያዘ፣ አውሮፓም ሁለተኛውን ዘመቻ አስነሳ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ነገሥታት ራሳቸው መጡ። ታዲያ በ1148 ማንን ወጉ? ደማስቆን! የራሳቸውን ወዳጅ። በጥቂት ቀን ውስጥም ሳይሳካላቸው ተመለሱ። ደማስቆ በ1154 በሯን ለዘንጊ ልጅ ለኑር አድ-ዲን ከፈተች። እኔ እንደማየው ፈረንጆቹ በ1187 ኢየሩሳሌምን ያሳጣቸውን ሽንፈት ለራሳቸው መዝራት የጀመሩት ያኔ ነው።

ከሰላሙ ጊዜም ልጨምር። ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ የሚባል የሶርያ መኳንንት የደማስቆ መልእክተኛ ሆኖ ኢየሩሳሌም ይመላለስ ነበር። አል-አቅሷ መስጊድ ያኔ የቴምፕላሮቹ፣ ማለት የመነኩሴ ወታደሮቹ፣ ሰፈር ነው። ኡሳማ ሲመጣ ቴምፕላሮቹ የሚሰግድበት ትንሽ ቦታ ይለቁለታል። አንድ ቀን ሲሰግድ አንድ ፈረንጅ ዘሎ ይዞት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረና እንዲህ ነው የሚጸለየው አለው። ቴምፕላሮቹ ሰውየውን ጎትተው አስወጡት፣ ኡሳማንም ይቅርታ ጠየቁት፣ ሰውየው ከአገሩ ገና መምጣቱ ነው ብለው። ቆይተው የለመዱትና አዲስ የመጡት እንዲህ ይለያዩ ነበር። በ1184 በዚያ ያለፈው የአንዳሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይርም ጦር እየተዋጋ ነጋዴው ግን ከደማስቆ ፈረንጆቹ ወደያዟት የባሕር ዳር ከተማ ዓኮ ያለ ችግር ሲመላለስ አይቶ ተደንቋል።

ናሆም_ኔታንያ፦

ስለ ምሥራቅ ክርስቲያኖች እኔ ልመልስ። እዚህ እስራኤል ስለምኖር ኢየሩሳሌም በየጊዜው እሄዳለሁ፣ ቦታው ላይ ሆኖ ማንበብ ይለያል።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ሙስሊሞች እንኳ አልነበሩም። በ1096 ጸደይ ገና ከጀርመን ሳይወጡ በራይን ወንዝ ዳር የነበሩትን አይሁድ ፈጁ። ዎርምስና ማይንጽ ውስጥ ማኅበረሰቡ እንዳለ ተደመሰሰ። ሽፓየር ላይ ጳጳሱ ስለከለሏቸው አብዛኞቹ ተረፉ። አይሁድ እስከ ዛሬ በጸሎታቸው ያስቧቸዋል።

የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖችን የግብፁ አገረ ገዥ ከበባው ሳይጀመር ከከተማ አስወጥቷቸው ነበር፣ ከጠላት ጋር እንዳይዶልቱ ብሎ። በዚህ ምክንያት ከጭፍጨፋው ተረፉ። ሲመለሱ ግን ቤተ ክርስቲያናቸው በላቲኖቹ፣ ማለት በምዕራብ ካቶሊኮቹ፣ ተይዟል። ፓትርያርኩ ላቲን ሆነ፣ አንጾኪያም ላይ እንደዚሁ የግሪኩ ፓትርያርክ ለቆ ላቲን ተተካ። ይሄን ስሙ፦ በ1101 የትንሣኤ ዋዜማ፣ ከጌታ መቃብር ይወጣል የሚባለው ብርሃን በሰዓቱ አልወጣም። ሕዝቡ በለቅሶ አደረ። የአርመኑ ጸሐፊ ማቴዎስ የጻፈው በግልጽ ነው፤ የቆዩትን መነኮሳት ከገዳማቸው ስላባረሩ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ የምሥራቆቹ ካህናት ወደ አገልግሎታቸው ተመለሱ። በየዓመቱ የትንሣኤን ብርሃን ለማየት የምትመጡ ተሳላሚዎች ይሄን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ሁሉም ክፉ ነበር አልልም። የኤዴሳ አርመኖች ባልድዊንን (ሀያት ካነሳችው የተለየ ነው) ራሳቸው ናቸው የጠሩት፣ በ1098። ግን የጠራው ገዥያቸው ቶሮስ እንደ ልጅ ተቀብሎት ሳምንታት ሳይቆይ በሕዝብ አመፅ ተገደለ፣ ባልድዊንም ከተማዋን ወረሰ። በሌላ በኩል ደግሞ የኢየሩሳሌም ንግሥት ሜሊሰንድ እናቷ አርመን ነበረች፣ ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም ጥሩ ነበረች። ተራው የአገሬው ክርስቲያን ግን ከፈረንጅ እኩል አልተቆጠረም።

ትልቁ ቁስል 1204 ነው። አራተኛው ዘመቻ ወደ ግብፅ ሊሄድ ተነስቶ የቬኒስን የመርከብ ዕዳ መክፈል አቃተው። መጀመሪያ ዛራ የምትባል የካቶሊክ ከተማ ወጋ፣ ቀጥሎ የቁስጥንጥንያ የዙፋን ጠብ ውስጥ ገባ፣ በሚያዝያ ከተማዋን ሰብሮ ለ3 ቀን ዘረፋት። ሐጊያ ሶፊያ ሳይቀር። ቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ላይ የነበሩት የነሐስ ፈረሶች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። ላቲኖቹ እስከ 1261 ከተማዋን ገዙ፣ ቢዛንታይን ከዚያ በኋላ አላገገመም። ክርስቲያንን ለመርዳት ተጠርቶ ትልቁን የምሥራቅ ክርስቲያን ከተማ ያፈረሰ ዘመቻ ነው። ይሄን እያወቅሁ ከኛ ወገን ሰው በመስቀል ጦረኞቹ ሲኩራራ ሳይ እናደዳለሁ።

አቤል_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ውሉንና ጥቅሙን ብቻ ካየን ሃይማኖቱ ሰበብ ነበር ወደሚል እንገባለን፣ እሱም ልክ አይደለም። የዚያ ዘመን ሰው የምር ያምን ነበር። ኡርባን ለዘማቹ ቃል የገቡት የንስሐ ቅጣት ስርየት ነው። ሰዎቹ በልብሳቸው ላይ መስቀል ሰፍተው ተሳሉ፣ መሬታቸውን አስይዘው ወይ ሸጠው ወጡ። ዘመቻ ባላባት የሚያከስር ነገር ነው። በረሃብ፣ በበሽታና በጦርነት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፈውም ስእለቱን ፈጽሞ አብዛኛው ወደ አገሩ ተመለሰ። አብሮ የነበረው ካህን ፉልከር እንደጻፈው መጀመሪያ ላይ ኢየሩሳሌምን ለመጠበቅ የቀረው ከ300 የማይበልጥ ፈረሰኛና ያንኑ የሚያህል እግረኛ ነበር። ሀብት ፈላጊ ብቻ ቢሆን እንዲህ አይበተንም።

በሙስሊሙ ወገንም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ የጂሃድ ጥሪ ሰሚ አጣ፣ እውነት ነው። በ1105 ደማስቆ መስጊድ ውስጥ አል-ሱለሚ የሚባል ዓሊም ሰው እንዲነሳ ሲሰብክ ገዥዎቹ አልሰሙትም። ኑር አድ-ዲን ግን ጥሪውን ወደ መንግሥት ሥራ ለወጠው፣ መድረሳ ከፈተ፣ ዑለማውን ደገፈ። ኢየሩሳሌም ገና በፈረንጅ እጅ ሳለች ለአል-አቅሷ የሚሆን ሚንበር (የስብከት መድረክ) አሌፖ ላይ አሠራ። እሱ ሳያየው ሞተ፣ ሚንበሩን በ1187 ወስዶ ያቆመው ከተማዋን የያዘው ሰላሁዲን ነው። በ1969 በእሳት እስኪወድም ድረስ እዚያው ነበር። ላልተያዘች ከተማ ሚንበር የሚያሠራን ሰው ፖለቲከኛ ብቻ ነው ልለው አልችልም።

ቢኒ_ጉለሌ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ከጠበቅሁት በላይ ነው። አቤል ያልከው ገብቶኛል፣ ሁለቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ላሊበላ የተሠራው ሳላሃዲን ኢየሩሳሌምን ስለያዘ፣ ሕዝባችን መሄድ ስላልቻለ ነው ይባላል። እውነት ነው? ሀያት እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሳላሃዲን ንገሪኝ። እንደሚባለው ሩኅሩኅ ነበር?

ሀያት_ሳሪስ፦

ሰላሁዲንን እወደዋለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። ኩርድ ነው፣ ቲክሪት የተወለደ። በኑር አድ-ዲን ሥር ሆኖ ግብፅ ገባ፣ በ1171 የፋጢማውያንን ከሊፋነት አበቃ። ኑር አድ-ዲን በ1174 ሲሞት የጌታውን ልጅ ግዛት መውሰድ ጀመረ። አሌፖን በ1183 ያዘ፣ ሞሱል በ1186 ገበረችለት። ማለት ወደ ኢየሩሳሌም ከመዞሩ በፊት ከ10 ዓመት በላይ አብዛኛውን ጊዜ የተዋጋው ከሙስሊም ገዥዎች ጋር ነው።

ሐምሌ 4 ቀን 1187 ሒጢን ላይ፣ ጥብርያዶስ አጠገብ፣ የኢየሩሳሌምን ጦር በውኃ ጥም አድክሞ ደመሰሰው። ንጉሥ ጊን ማረው። ሬይናልድ ዘ ሻቲዮንን ግን በገዛ እጁ መታው። ይሄ ሬይናልድ በውል ጊዜ ነጋዴ የሚዘርፍ ሰው ነው። በ1182 መጨረሻ መርከብ በየክፍሉ በግመል አስጭኖ ወደ ቀይ ባሕር አውርዶ ከጅዳ ማዶ ያለችውን አይዛብ ወደብ አስዘርፏል፣ የሐጅ ተጓዦችን ሳይቀር። የተማረኩትን ቴምፕላሮችና እንደነሱ መነኩሴ ወታደር የሆኑትን ሆስፒታለሮችም ሰላሁዲን አስገድሏቸዋል።

ኢየሩሳሌም ላይ ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ በኃይል ካልሆነ አልቀበልም ብሎ ነበር። የከተማዋ ጠባቂ ባሊያን ሙስሊም እስረኞቹን ገድዬ፣ ቁባ አስ-ሰኽራን (በዓለቱ ላይ ያለውን የሙስሊሞች ቅዱስ ሕንፃ) አፍርሼ እሞታለሁ ብሎ አስፈራራ። ከዚያ ተስማሙ። ለወንድ 10 ዲናር፣ ለሴት 5 ቤዛ ከፍሎ መውጣት። ለድሆቹም ባሊያን በጅምላ 30,000 ዲናር ከፈለ። የሰላሁዲን ወንድም አል-ዓዲል 1,000 ሰው ለምኖ ነፃ አወጣ። የሚከፍሉት ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ባሪያ ሆነዋል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ቢሆንም ጥቅምት 2 ቀን የገባው ጦር ሕዝቡን አላረደም። የትንሣኤውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው ያሉትንም አልሰማም። የምሥራቅ ክርስቲያኖች ጂዝያ (ሙስሊም ያልሆነ የሚከፍለውን ግብር) ከፍለው ቀሩ። በነሐሴ 1191 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ዓኮ ላይ 2,700 የሚሆኑ እስረኞችን በአንድ ቀን ካሳረደው ጋር ሳየው ልዩነቱ ይታየኛል። በ1192 ደግሞ ሁለቱ ተዋውለው ክርስቲያን ተሳላሚ ያለ መሣሪያ እንዲገባ ተፈቀደ።

ናሆም_ኔታንያ፦

ሀያት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ስላነሳሽ ልጨምር። ዴር ሡልጣን የምንለው የኛ ገዳም ያለው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት አናት ነው። ግቢው ውስጥ የሚታዩት የፈረሱ ቅስቶች የመስቀል ጦረኞቹ ዘመን የላቲን ካህናት መኖሪያ ፍርስራሽ ናቸው። የአባቶቻችን ጎጆዎች በዚያ መካከል ናቸው የተሠሩት። ስትመጡ ቅስቶቹን አስተውሉ።

መምህር_ደሴ፦

ቢኒ፣ ስለ ላሊበላ። ዘመኑ ይቀራረባል፣ ንጉሡ የነገሠው በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ጎልጎታና ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞችም አሉ። የሳላሃዲን ነገር የመጣው ሊቃውንት ከዘመኑ መቀራረብ ተነስተው ካቀረቡት ግምት ነው። ገድሉ የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ላሊበላ በመላእክት ወደ ሰማይ ተወስዶ አብያተ ክርስቲያናቱን አየ፣ በምድርም እንዲሠራቸው ታዘዘ ይላል። ደግሞ ሀያት እንዳለችው የወጡት ላቲኖቹ ናቸው እንጂ ለምሥራቅ ክርስቲያን በሩ አልተዘጋም። ስለዚህ መሄድ ስላልቻሉ ነው የሚለው ለኔ ደካማ ነው።

እውነተኛው ግንኙነት ወዲህ ነው። በ1165 አካባቢ ቄስ ንጉሥ ዮሐንስ ጻፈው የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ አውሮፓን አዳረሰ። ከሙስሊሞቹ ጀርባ ያለ ታላቅ ክርስቲያን ንጉሥ መጥቶ ያግዘናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ፖፕ አሌክሳንደር 3ኛ በ1177 መልእክት ጽፈውለታል። መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት። ዓኮ በ1291 በግብፅ ገዥዎች በማምሉኮቹ እጅ ወድቃ የመስቀል ጦረኞቹ መንግሥት ካበቃ በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት፣ ንጉሡ የኢትዮጵያ ነው ማለት ጀመሩ። ፖርቹጋሎቹን በ1520 ወደ ልብነ ድንግል ያመጣቸው ይሄው ፍለጋ ነው። በ1541 ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ ከምፅዋ የገባውም በዚያ ትውውቅ ነው። የግራኝ አሕመድን ዘመን ግን እዚህ አልጀምረውም፣ ራሱን የቻለ ሰፊ ነገር ነው። ጥያቄ ክፈትና እዚያ እንገናኝ፣ ሀያትም ትምጣ።